ለልጆች ሽርሽር ከቦታው ሰዓቱ ይቀድማል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የትምህርት ቤት ዕረፍት በደረሰ ቁጥር በአዲስ አበባ ልጆችን የት ማዝናናት እንደሚቻል ይጻፋል፤ እንጦጦ ፓርክ፣ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ። ቦታዎቹ መልካም ናቸው። ቀኑን የሚያበላሸው ግን በአብዛኛው ቤተሰቡ ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ነው። ቁርስ ተበልቶ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ አምስት ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው ታክሲ ተጋፍቶ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ልጆቹም ርቧቸዋል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት፣ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ማጫወት፣ ከዚያ ጥላ ይዞ መብላትና ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት መመለስ ነው የሚሻለው።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ታታልላለች። አየሩ ነፋሻ ስለሆነ ልጁ ሞቀኝ አይልም፤ ከተማው ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለውም ልክ አይደለም። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ያስፈልጋል፤ ልጆች የሚወዱት ኮፍያ ግንባርን ብቻ ሸፍኖ ጆሮንና ማጅራትን ለፀሐይ ይተዋል።

እንጦጦ ለብቻው መታሰብ አለበት። ጫፉ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ ከቦሌ ጋር ሲነጻጸር አራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። እናቶች ይህን ስለሚያውቁ አንድ ወፍራም ጃኬት ደርበው ይወጣሉ፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ልጁ ሲሮጥ በጃኬቱ ውስጥ ያልበዋል፣ ሲሞቀው አውልቆ ይጥለዋል፣ ከዚያ በረጠበ ካናቴራ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ይንቀጠቀጣል። ካናቴራ፣ ስስ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ቀላል ጃኬት ደራርቦ እንደ አስፈላጊነቱ አንድ በአንድ መቀነስ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ደረቅ መለወጫ ካናቴራ ይያዝ፤ የሚለወጠውም ጨዋታው እንዳበቃ፣ ሳይቀመጥ ነው።

ጫማም ያው ነው። በባሕር ዛፉ ሥር ያለው ቁልቁለት በደረቀ ቅጠልና እንደ ጠጠር በሚንከባለል ፍሬ የተሸፈነ ስለሆነ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያንሸራትታል። ቁምጣም አይመከርም፣ ሳማ አለ። የቅጠሉ ጠጉር እንደ ጥቃቅን መርፌ ቆዳ ላይ ይሰበራል፤ ልጅ ደግሞ ወዲያው ማሸት ይጀምራል፣ ማሸቱም ያባብሰዋል። ሳይነኩ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያ በሳሙናና በውሃ ማጠብ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቤት የሚበላውን ይዞ በመውጣት ነው። ወጥ ይፈሳል፤ ሥጋና እንቁላል ያለበት ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ሞቆ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙዝ ይጨፈለቃል፣ ብርቱካን ግን ጥምንም ይቆርጣል። የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፣ ከሁሉም በላይ የበሶ ጭብጦ ይመቻል። ለሁለት ብርጭቆ በሶ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ትንሽ ጨው ጨምሮ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እያደረጉ ሲጨብጡት የማይፈርስ እስኪሆን ማሸት ነው። ውሃ ካነሰው ይፈረፈራል፣ ከበዛበት እጅ ላይ ይጣበቃል። ቆሎና ኦቾሎኒ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥ፤ እየሮጠ ሲበላ ሊያንቀው ይችላል።

ለአንድ ልጅ እስከ ቀትር ግማሽ ሊትር የሚጠጣ ውሃ ይያዝ። ለእጅ መታጠቢያ ደግሞ ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ሞልቶ ክዳኑን በጋለ ሚስማር መብሳት ነው፤ ሲጨመቅ በቀጭኑ ስለሚወርድ ለአራት ልጅ ይበቃል። ሳሙናና ሶፍትም አይረሳ።

በክረምት ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው፤ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ስለሆነ መኪና ውስጥ ወይም ቤት ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። መንገድ የሚዘጋባቸውን ቀናትም አስቀድሞ ማየት ነው፤ የመስቀል ደመራ፣ ጥምቀት፣ በኅዳር የታላቁ ሩጫ እሑድ። መስከረም 1 ራጉኤል ስለሚነግሥ የእንጦጦ መንገድ በሰው ይሞላል።

ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሁለት ልጆች አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ስልክ ቁጥር ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ቢጻፍ በላብ ይጠፋል፤ ነጭ ፕላስተር ላይ ጽፎ ሹራቡ ውስጥ መለጠፍ ይሻላል። ልጁም «ከጠፋህ ባለህበት ቁም፣ የምንፈልግህ እኛ ነን» ተብሎ በር ላይ እንደገና ይነገረው።

ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የሚመጡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በማግስቱ እንጦጦ ባያወጧቸው መልካም ነው። ከዝቅተኛ ቦታ ለመጣ ልጅ አዲስ አበባ ራሱ ከፍታ ነው፤ ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ሊያስቸግረው ይችላል።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው በየቅዳሜው ትንሽ ቦታ ነው። የትኛው ፓርክ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የመግቢያው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ፣ በእሑዱ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ ይውጣልን። የፓርክ አስተዳዳሪዎችም ይህን ካነበቡ፣ የመጠጥ ውሃ ቧንቧውን የአራት ዓመት ልጅ በሚደርስበት ቁመት ያስተክሉልን።

የአፀደ ሕፃናት መምህራን
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ