በአርባ አምስተኛው ቀን ጆሮም ይታይ

ክቡር አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ሕፃናት ክትባት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ወደድኩት። ስለ ጆሮ ግን አንድ ቃል የለውም። ብዕር ያስነሳኝ ይኸው ነው።

አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለፈው ዓመት ትንሿ ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ነበር፤ የገንፎ ዱቄቱንም የአጥሚቱን እህልም በሻንጣ ጭኜ። በወለደች ማግስት ጠዋት፣ ገና ሆስፒታል ሳለን፣ አንዲት ወጣት ትንሽ ኮምፒውተር የተቀመጠበት ጋሪ እየገፋች ገባች። የሕፃኗን ጆሮ ልትመረምር ነው አሉኝ። ሳቄ መጣ። ትናንት የተወለደች ልጅ ትስማ አትስማ በምን ይታወቃል? “ሰማሽ ወይ?” ቢሏት አትመልስ።

የልጅ ልጄ ጠብ ያለ ወተት ከንፈሯ ላይ እንደቀረ እንቅልፍ ወስዷታል። ወጣቷ ቴሌቪዥኑን አስጠፋች። እኔንም በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። ከዚያ ባቄላ የምታክል ለስላሳ ጎማ ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ሰካች። ጎማዋ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ማውጫና ትንሽ ማይክሮፎን አለ። ድምፅ ማውጫው “ጠቅ ጠቅ” የሚል ድምፅ ይልካል። ጤነኛ ጆሮ ያንን ሲቀበል እሱም በተራው ድምፅ ይመልሳል፤ ማይክሮፎኑ ይለቅመዋል። መልሱ የሚመጣው ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ካሉት ፀጉር መሳይ ሴሎች ነው። በጣም ደቃቅ ስለሆነ እኛ አንሰማውም። ጆሮ ይሰማል እንጂ ድምፅ ያወጣል ብሎ ማን ያስባል? ይህን እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፎ ያሳወቀው ዴቪድ ኬምፕ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው። ዘዴውን በአጭሩ ኦኤኢ ይሉታል።

ቀኙ “ፓስ” አለ። ግራው “ሪፈር”። እዚያ ሕፃን ወደቀች አይባልም፤ ሪፈር ማለት እንደገና ትታይ ማለት ነው። ወጣቷ አትጨነቁ አለች። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የማህፀን ፈሳሽና ያ ነጩ ቅባት ጆሮ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ጤነኛ ሕፃንም ሪፈር ሊባል ይችላል። ልጄና ባሏ ተረጋጉ። የእኔ ዓይን ግን ያን ሌሊት አልተከደነም።

በማግስቱ በሌላ ዘዴ ተመለሰች። ሦስት ተለጣፊዎች አመጣች፤ አንዱን ግንባሯ ላይ፣ አንዱን ማጅራቷ ላይ፣ አንዱን ትከሻዋ ላይ። ጆሮዋን ደግሞ እንደ ኩባያ የሚከድን ማዳመጫ። የሚላከው ድምፅ 35 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ ከሹክሹክታ ብዙ አይርቅም። ድምፁ በመስማት ነርቭ በኩል እስከ አንጎል ግንድ መድረሱን ተለጣፊዎቹ ያነባሉ። ይህኛው ኤኤቢአር ይባላል። መሃል ላይ ሕፃኗ ነቅታ ተንፈራገጠች። ወጣቷ አቋርጣ ጠበቀች፤ ለካ እንቅስቃሴ ንባቡን ያበላሸዋል። እንደገና ስትተኛ ቀጠለች። ሁለቱም ጆሮ “ፓስ”። ልጄ “እማዬ፣ እልል በይ እንጂ!” አለችኝ። እኔ ለቅሶዬ ቀደመኝ።

ሁለተኛው ልጄ በ1981 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። በሦስተኛው ቀን ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ትኩሳትም ተጨመረበት። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛን፤ ጄንታማይሲን የሚባል መርፌ ተወጋ። የጠና የወፍ በሽታም፣ ይህ መድኃኒትም መስማትን ሊጎዱ እንደሚችሉ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መድኃኒቱን አልወቅስም፤ ልጄን ያተረፈልኝ እሱ ይሆናል። የቱ እንደጎዳው የነገረኝም የለም። የሚቆጨኝ፣ ስንወጣ “ጆሮውን ተከታተሉ” ያለን ሰው አለመኖሩ ነው።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የጥይት መጋዘኑ የፈነዳ ሌሊት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተኝቶ ያደረ ሰው ነበር? ቤታችን ከቦታው ሩቅ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ግን ነጠላ እየጎተተ ደጅ ወጣ። ልጄ ጉንጩን ትራሱ ላይ እንዳስደገፈ አልተገላበጠም። እናቴ አየችውና “እንቅልፉን ባርኮለታል” አለች። ሁለት ዓመቱ ነበር።

አፉን አልፈታም ስል ሁሉም መልስ ነበረው። “ወንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም።” “እንጥሉን አስቆርጪው።” እንጥሉን አላስቆረጥኩም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ግን ወስጄዋለሁ፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። እኔም በበኩሌ ምርመራ አደረግሁለት። ከኋላው ቆሜ የድስት ክዳን ጣልኩ። ዞረ! “ይሰማል” ብዬ አንድ ዓመት ሙሉ ልቤን አሳረፍኩ። ለካ ያዞረው የጣውላው ወለል እግሩ ሥር መንቀጥቀጡ ነው። ሞኝነቴ የብቻዬ አለመሆኑን በኋላ አነበብኩ። ሜሪየን ዳውንስ የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዴንቨር ውስጥ አራስ ሕፃናትን መመርመር ስትጀምር፣ ድምፅ እያሰሙ ሕፃኑ ሲደነግጥ ወይም ዓይኑን ሲያርገበግብ ማየት ነበር ዘዴው። ብዙ ሕፃን ስለሚያመልጠው አስተማማኝ አልሆነም። ዛሬም ቤት ውስጥ በጭብጨባና በክዳን ልጃቸውን የሚፈትኑ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ በእሱ አትተማመኑ።

የልጄ ነገር የታወቀው በሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። መንገድ ስንሻገር እጄን አምልጦ ሮጠ። አንድ ውይይት ታክሲ ከኋላው ጥሩምባ ነፋ። አልዞረም። እንደገና ነፋ። ሾፌሩ ሲጢጥ አድርጎ አቆመና አንገቱን አውጥቶ “ልጅሽ ደንቆሮ ነው እንዴ?” ብሎ ጮኸብኝ። ከሐኪም በፊት የነገረኝ እሱ ነው።

መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሲገባ ሰባት ዓመቱ ነበር። ጥቂት ሳምንት እንደተማረ አንድ ቀን ቤት መጥቶ ደረቱን ነካ፣ ከዚያ በጣቱ አንድ ምልክት ሠራ። አልገባኝም። ደጋገመው። የገባት ትልቋ እህቱ ናት፤ ስሙን እየነገረን ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ስም እንዳለው አያውቅም ነበር ማለት ነው። እናቱ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አስተማሪ።

አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሕፃናት ከ95 በላይ የሚሆኑት ይህን ምርመራ ያገኛሉ። እኛ ጋ ለሁሉም ሕፃን የሚደረግ ምርመራ ገና የለም። ከ1,000 ሕፃናት ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት የመስማት ችግር ይዘው ይወለዳሉ፤ ጽኑ ሕክምና ተኝተው ከወጡት መካከል ደግሞ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አብዛኞቹ የሚወለዱት እንደ እኔ ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚጠረጥር የለም። የዘርፉ ባለሙያዎች አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት የሚሉት ነገር አላቸው። እስከ አንድ ወር ምርመራ፣ እስከ ሦስት ወር ችግሩን ማረጋገጥ፣ እስከ ስድስት ወር እርዳታ መጀመር። የእኔ ልጅ እርዳታ ያገኘው በሰማንያ አራት ወሩ ነው።

እና ምን ይደረግ? በ45ኛው ቀን ልጅ ለክትባት እንደሚወሰድ የማታውቅ እናት የለችም። ሰልፉ አለ፣ ካርዱ አለ፣ ነርሷ አለች። እዚያው ያቺ ባቄላ የምታክል ጎማ ትግባ። አዎ፣ አንድ ወር ከሚለው ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ከሦስት ዓመት ከአራት ወር ግን ይሻላል። ፈሳሹም ቅባቱም በዚያን ጊዜ ጠርቷል፣ ሕፃኑም እናቱ ጡት ላይ እንደተኛ ይመረመራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ኦኤኢ የሚፈትሸው እስከ ቀንድ አውጣው ድረስ ያለውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነርቭ አያይም። የጠና የወፍ በሽታ የያዘው ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ጉዳቱ ነርቩ ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ በኦኤኢ “ፓስ” ተብሎ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ ጽኑ ሕክምና ተኝተው የሚወጡት ገና ሳይወጡ በተለጣፊው፣ በኤኤቢአር ይታዩ። ለሁሉም መሣሪያ ካልተገኘ ከእነሱ ይጀመር። ደግሞ “ፓስ” የተባለም ልጅ ኋላ ማጅራት ገትር ቢይዘው እንደገና መታየት አለበት።

መሣሪያው ይገዛ ማለት ቀላል ነው። “ሪፈር” የተባለችው እናት ከዚያ ወዴት ትሂድ? የሚያረጋግጥላት ባለሙያ፣ የመስሚያ መርጃው፣ የባትሪው ዋጋ… ጋዜጣችሁ የጤና ጥበቃ ሰዎችን ሲያገኝ ይህንንም ይጠይቅልኝ።

ልጄ ዛሬ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው፤ ይህን የምጽፍበትን ጠረጴዛ የሠራው እሱ ነው። ደብዳቤውን እንዲያነበው ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ በምልክት “ጆሮ፣ ጆሮ፣ ጆሮ ብቻ። ስለ እጅስ?” አለኝ። እውነቱን ነው። ልጅሽ አይሰማም የተባለች እናት የሐኪም ቀጠሮ ብቻ ይዛ ወደ ቤቷ እንዳትመለስ፤ የምልክት ቋንቋ የሚያስተምራት ሰው አድራሻም አብሮ ይሰጣት። እሱ ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ሲወጣ በነፃ ላስተምር ብሏል። ስልኩን ለዝግጅት ክፍላችሁ ትቻለሁ፤ የሚፈልግ እናት ወይም አባት ቢመጣ ስጡልኝ። የጽሑፍ መልእክት ነው የሚቀበለው።

ጡረተኛ መምህርት፣ ከአዲስ አበባ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)