ከቤቱ አርቀህ ትከለው ልጄ

የኔ ጌታ እንደምን አለህልኝ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ደብረ ብርሃን ግን ውርጩ ዘንድሮ አይቻልም፣ ጠዋት በር ስከፍት ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ።

ቅዳሜ በስልክ ያልከኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው የምፅፍልህ። ጓሮዬ ድቅል ፖፕላር የሚባል ዛፍ ልተክል ነው፣ በአመት 2 ሜትር ያድጋል፣ የካናዳን ንፋስ ይከልልልኛል አልከኝ። ደስ ብሎኛል፣ የችግኝ ጣቢያ ሰራተኛ ልጅ አይደለህ! የአሜሪካውና የአውሮፓው ፖፕላር ተዳቅሎ የመጣ ነው ስትለኝ እኔ ግን ሀሳቤ ወደ ባህር ዛፋችን ሄደ። እሱም ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ግን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ውሃውንም በዛው ልክ ነው የሚጠጣው።

የታችኛው ማሳ ድንበር ላይ የተከልኩትን ታስታውሳለህ? የጎረቤታችን ገብስ ከድንበሩ አስር እርምጃ ያህል ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ ዛላውን መዳፌ ላይ ባሸው ባሸው ገለባ ብቻ። ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቅነው፣ ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አስቆረጥኩት፣ ጉቶው ግን በየክረምቱ እያቆጠቆጠ ስንት አመት አሳቀቀኝ።

የፖፕላርም ስር ውሃ ፈላጊ ነው፣ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቱቦ ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ከቤቱም ከቱቦውም ቢያንስ 15 ሜትር አርቀው፣ ከጎረቤት አጥርም እንደዛው። ጥጥ የመሰለ ዘር የሚያራግፈው ሴቴው ዛፍ ስለሆነ ወንዴውን ጠይቀህ ግዛ።

ተከላው ቀላል ነው፣ ዘር ምናምን አያስፈልገውም። ቅጠሉ ረግፎ ሳለ የተቆረጠ፣ እርሳስ የሚያክል፣ ወደ 25 ሳንቲ የሚረዝም ቅርንጫፍ ነው የምትፈልገው፣ ብርዱ ላላ ሲል አንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድረህ አይኑን፣ ቅጠል የሚያወጣበትን ማለቴ ነው፣ ወደላይ አርገህ ትሰካዋለህ፣ አንድ አይን ብቻ ከአፈር ውጪ ይታይ። ከዛ ሳሩን ሁለት አመት ሙሉ አትማረው፣ ስንት ችግኝ በድርቅ ሳይሆን በሳር ታንቆ ሲያልቅ አይቻለሁ መሰለህ። ለማገዶ ግን ብዙ ተስፋ አትጣልበት፣ እንጨቱ ቀላል ነው ቶሎ ነዶ ያልቃል፣ ጣሊያኖች ለኮምፔንሳቶ ነው የሚያለሙት፣ በ10 አመት ገደማ ይቆርጡታል።

ቦታውን በካስማና በሲባጎ ምልክት አርግና ከመቆፈርህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ እሺ፣ ቤቱም ቱቦው የሚያልፍበትም አንድ ላይ ይታይ።

እናትህ