ላሚቱ ከሰማይ ወርዳለች

መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሮቢት፣ ባሕር ዳር

ይድረስ ለማልረሳሽ ጓደኛዬ፤

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? እኔ ከእማዬ፣ ከሦስት ላሞች፣ ከአንዲት ጥጃ፣ ከሰባት በጎችና ቁጥራቸው እንደ ጭልፊቱ ፈቃድ ከሚቀያየር ዶሮዎች ጋር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ወደ ሦስት ዓመት ዝም ያልኩሽ ረስቼሽ አይደለም። ይህን እንኳ ሁሉም ይለዋል፤ እውነቱን ልንገርሽ። የመጨረሻው መልእክትሽ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ተመቸሽ?» የምትል። ስትደርሰኝ በረት ውስጥ የታመመች ላም አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ነበር። ተመችቶኛል እንዳልልሽ ውሸት ነው። አልተመቸኝም እንዳልልሽ ያንን ተረትሽን ፈራሁ። ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ሰነበትኩ፤ ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ፤ ሲመለስ ደግሞ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ።

ተረቱን መቼም አትረሺውም። ሽምብጥ በተከራየናት ክፍል፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን፣ ሥራዬን ለቅቄ እማዬ ጋ ከብት ላረባ ነው ስልሽ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለሽ ትራሱን ወረወርሽብኝ። ይኸውልሽ፣ ላሚቱ ከሰማይ ወርዳለች። ወተቷንም በየቀኑ አያለሁ። ችግሩ ሁዳዴ መሆኑ ነው፤ አያለሁ እንጂ አልቀምስም።

ያኔ የታመመችው በዕቁቤ ብር የገዛኋት የፈረንጅ ዲቃላ ነበረች። ሻጩ በቀን 15 ሊትር ትሰጣለች አለኝ። የሒሳብ ሰው አይደለሁ? በዚያው ሌሊት 15ን በ30፣ እሱን ደግሞ በ12 አባዝቼ፣ ሀብታም ሆኜ ተኛሁ። ላም ከመውለዷ በፊት ሁለት ወር ያህል መንጠፍ እንዳለባት እንኳ አላውቅም ነበር። ደግሞ 15 ሊትሩ ፉርሽካና ፋጉሎ ሲበሉ ነው፤ በጭድ ብቻ አይመጣም። ይህንንም ሻጩ አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። በሁለተኛው ወር አንዱ ጡቷ አበጠ። ወተቱ እንደ አይብ እየተቋጠረ፣ ቀጥሎም ደም እየቀላቀለ መጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርጥብ ላይ አስተኛታለሁ፣ የእማዬን ላም ጡት ያበስኩበትን ጨርቅ አምጥቼ የእሷንም አብስበታለሁ። መድኃኒቱ በጡቷ ቀዳዳ ገብቶላት ሕይወቷ ተረፈ፤ አንዱ ጡት ግን እንደደረቀ ቀረ። ዛሬ በሦስት ነው የምትታለበው። እማዬ ስሟን «ጉልቻ» አለቻት። ተቀየምኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ መሰለኝ ነገሩ የቀለለኝ።

ሁለቱ የእማዬ ላሞች የፎገራ ዘር ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር፣ ረጋ ያሉ። የርብና የጉማራ ውኃ ክረምት ከክረምት በሚተኛበት ሜዳ የኖረ ዘር ስለሆነ ረግረጉ አያስጨንቃቸውም፤ ጉልቻ ግን ጭቃ ስታይ እንደ ከተማ ሴት ቀሚሷን የምትሰበስብ ነው የሚመስለኝ። ዘሩ እየተደባለቀ መጥፋቱ አሳስቧቸው አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ጠብቀው እያራቡት ነው። ወተታቸው ትንሽ ነው። ያለ ጥጃም አይሰጡም። ጥጃዋ ቀድማ ትጠባና ወተቱ ሲወርድ ከእናቷ እግር አጠገብ ትታሰራለች፤ እናቷ እየላሰቻት እኔ አልባለሁ። ከእንገሩ ጊዜ በኋላ አንድ ጡት ሁልጊዜ ለእሷ እተዋለሁ። እማዬ ይህ ብክነት ነው ትላለች። ለጉልቻ የምከፍለው ካሳ ነው መሰለኝ፤ አላውቅም።

አሁን ስለ ሁዳዴ ላውራሽ፤ ይህን ካልነገርኩሽ ሥራዬ አይገባሽም። ካፌዎቹ ከወትሮውም ረቡዕና ዓርብ የሚወስዱት ይቀንሳል፤ 55ቱ ቀን ሲገባ ማኪያቶ የሚጠጣው ሰው አብሮ ይጠፋል። ላም ደግሞ አትጾም። ጠዋትም ማታም ጡቷን ሞልታ ትመጣለች። ዘንድሮ የረዳኝ ረመዳን ነው። ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡና፣ ሙስሊም ደንበኞቼ ለማፍጠሪያ ወተት ፈለጉ። የማታውን ወተት በባጃጅ ጭኜ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ እሻገራለሁ፤ በ2016 የተመረቀው ነው፣ አንቺ አላየሽውም፣ 380 ሜትር ነው። መሐሉ ላይ ስደርስ ውኃው ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ባጃጁ ይንጫጫል፤ እኔ ጀሪካኑን አቅፌ እቀመጣለሁ። ረመዳንም ተገባደደ። ከሰኞ ጀምሮ ምን እንደማደርግ ገና አላሰብኩበትም።

የተረፈውን እንንጣለን። ቅሉን በወይራ አጥነን፣ የረጋውን ወተት ገልብጠን፣ ተራ በተራ እንወዘውዛለን። ቅቤው መውጣቱን በድምፁ ማወቅ ተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ ቦጭ ቦጭ ይላል፣ ከዚያ ድምፁ ይከብዳል፣ ከዚያ አንድ ነገር ጓ ጓ ሲል ትሰሚያለሽ። እጄን ልልስ እቃጣና የእማዬን ዓይን አያለሁ። እሷ ከደብረ ዘይት ወዲህ ጾሙን የጨረሰች ያህል ነው የምታወራው፤ «ግማሹ ካለፈ ሌላው ቁልቁለት ነው» ትላለች። አሬራውን ለዶሮ እሰጣለሁ፤ ዶሮዎቹ በዚህ ቤት የሚፈስኩት ብቸኛ ፍጥረቶች ናቸው። ቅቤው ለፋሲካ ተቀምጧል። አንድ ኪሎ የአንቺ ነው፤ ስምሽን ጽፌበታለሁ።

መዝገብ መያዝ አልተውኩም። ቢሮ ሳለሁ ዓመቱ የሚዞረው በሰኔ 30 ዙሪያ ነበር፤ ሂሳብ መዝጊያ፣ ጩኸት፣ እንቅልፍ ማጣት። አሁን የምቆጥረው 21 ነው። ጊደር ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ ጠዋት ካየሻት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካየሻት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች፤ ካመለጠችሽ 21 ቀን ጠብቂ። ዶሮም የምትፈለፍለው በ21 ቀን ነው። በግ አምስት ወር፣ ላም ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን። ይህንን ሁሉ በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አከብበዋለሁ። ልዩነቱ፣ ያከበብኩትን ቀን የሚጠይቀኝ አለቃ የለም፤ ቀኑ ሲደርስ አንድ ነገር ይጮኻል።

ስለ ሞኝነቴ ደግሞ ስሚ። እምቦጩን ታስታውሺዋለሽ፣ እኛ ተማሪ ሳለን በደንቢያና በፎገራ በኩል ተንሰራፋ ይባል የነበረው። ነፋስ ገፍቶ ወደ እኛም ዳር አንዳንድ ያመጣል። ለምለም ሲሆንብኝ፣ መኖ በጠፋበት ወር ከሰማይ የወረደ መና መሰለኝና አጭጄ ሰጠኋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ተቅማጥ ሳጥብ ዋልኩ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ከጓሮ የተከልኩትን የዝሆኔ ሳር ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ በአንድ ሌሊት ጨረሰው። የዝሆኑን ሳር ጉማሬ በላው እያሉ ጎረቤቶቻችን እስካሁን ይስቁብኛል። እማዬ ዘጌ ተድራ ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም ነበር፤ እዚያ በአባቶች ቃል ማረስም ከብት ማርባትም ክልክል ነው፣ ቡና ሥር ተቀምጦ መኖር ነው። ስትናደድብኝ «ምነው ዘጌ በዳሩኝ» ትላለች።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ወገቤ ያመኛል። እጄ ተሰነጣጥቋል። ከከተማ የሚመጣ ዘመድ ሲጨብጠኝ ቶሎ ይለቀኛል፤ ሽታዬን ደግሞ እኔ አልሰማውም። ገንዘቡ በወር ደመወዜ ጊዜ ከማገኘው አይበልጥም፤ አንዳንድ ወር ያንሳል። ግን ማታ ከታለቡ በኋላ ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። ሦስቱም ተኝተው ያመሰኳሉ፤ የመንጋጋቸው ድምፅ በጨለማው ውስጥ ይሰማል፤ ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል። እሑድ ማታ ይዞኝ የነበረው ያ የሆድ ቁርጠት ትዝ አለሽ? ማስታገሻ የምትፈልጊልኝ። መቼ እንደተወኝ አላስታውስም። እሱን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት፤ ሌላው ወሬ ነው።

አንቺስ? ልጅሽ ጥርስ ማውጣቷን፣ በእግሯ መሄድ መጀመሯንም ከሰዎች ሰምቻለሁ፤ ከሌላ አፍ መስማቴ የራሴ ጥፋት ነው። እናትሽ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ያ ከፎቅ ላይ ውኃ የሚያፈስባችሁ ጎረቤትስ?

ለፋሲካ ከመጣሽ ቀድመሽ ደውዪ፤ ከመናኸሪያ እቀበልሻለሁ። የጥርዋ ጥጃ ስም የላትም፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፣ ልጅሽ ታውጣላት። አንድ ነገር ብቻ ይዘሽልኝ ነይ፤ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ ቁጥር 38። እዚህ የማገኘው ሁሉ የወንድ ነው፤ ሁለት ካልሲ ደርቤ እየለበስኩ ዓመት ሞላኝ።

ያቺው የሽምብጥ ጓደኛሽ