የአባዬ ዲኤክስ ነገር

ሆዴ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ፣ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ። ዛሬ ያስጻፈችኝ የአባዬ መኪና፣ ያቺ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። አዎ፣ አለች! በአንቺ በኩል ያለው መስኮት እስካሁን ወደ ላይ አይወጣም፤ ማን እንደሰበረው ሁለታችንም እናውቃለን።

የሙቀት ጌጇ ሞተብኝ። ሞተሩ ሞቀም አልሞቀም መርፌው ሲ ላይ፣ ቀዝቃዛው ጋ ተኝቷል። ሰው ሁሉ ውሃ እየሞላሽ ንጂ ይለኛል። እማዬን ከሱሉልታ አዲስ አበባ ሐኪም ጋ የማመላልሳት ግን በእሷ ነው። ስንመለስ ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስንወጣ ልቤ ይሸበራል። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ እኛንም አይጠብቀንም። የሞተሩ ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ቴስታታው ከተጣመመ መኪናዋ አበቃላት።

የሰፈራችን ኤሌትሪሽያን አየልኝ፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ቁልፉን ከፍቶ የሞተሩን ሙቀት ለክቶ ለጌጁ የሚነግረውን ሴንሰር ሽቦ ነቀለና ጫፉን ለአፍታ የሞተሩን ብረት አስነካው። መርፌው ቀስ እያለ ወደ ኤች፣ ወደ ሙቁ ተነሳ! እልል ልል ነበር። ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው፣ የሞተው ሴንሰሩ ነው ማለት ነዋ።

ከአንድ ሱቅ «ለዲኤክስ ይሆናል» የተባለ አዲስ ገዛሁ። የሚታሰርበት ጥርስ ገጠመ፣ ውሃም አያፈስም። ግን የራዲያተሩ ቱቦ እጅ እያቃጠለ መርፌው ከሲ ትንሽ ብቻ ፈቀቅ ይላል። ልጁ ጥርሱ ላይ የተጠመጠመው ቴፕ በዝቶ ከሞተሩ ብረት ለይቶት ይሆናል ብሎ ፈታው፣ ጠረገው፣ መልሶ አሰረው። ያው ነው። ሴንሰሩ የሌላ መኪና ነው፤ ከኛ ጌጅ ጋር አይናበብም። የሞተው ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ አላምነውም። ይሄኛው ሞተሩ እየጋለ «ደህና ነን» ይለኛል።

እና... እንዴት ልበልሽ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ለጉዳይ መጻፍ ይከብዳል። ሶማሌ ተራ ከሱቅሽ አጠገብ የተፈታ ዲኤክስ ካለ የራሱን ሴንሰር ታገኚልኛለሽ? አንቺን ለማስተማር አይደለም፣ ግን ከመግዛትሽ በፊት አስሞክሪው። ሽቦ የሚሰካበትን ጫፍ ሳይነክሩ ታቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘው በቴስተር ይለኩት፤ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ቴስተሩ የሚያሳየው ኦም መውረድ አለበት። ካልወረደ ተይው።

ወንድሜ ሽጫት ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰሞኑን እኔም አስቤው ነበር። ጠዋት እማዬ የኋላ ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋትና ተውኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ቅርብ ነው። ካገኘሽ ዋጋውን ጻፊልኝ፣ ወዲያው በቴሌብር እልካለሁ። በነጻ ካልሽ እንጣላለን! በሱሉልታ ሚኒባስ መላክ ትችያለሽ፣ እሁድ ራስሽ ይዘሽው ብትመጪ ግን እማዬም ደስ ይላታል፤ ሁሌ ትጠይቅሻለች።

ያንቺው