ሠላሳ ግራፍ በእጅ አይለጠፍም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሐዋሳ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ፣ ግራፎችን አንድ በአንድ ስታታ ከተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እየቀዱ ወርድ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። አንድ ቁጥር ከታረመ ሥራው እንደገና ከሀ ይጀምራል። ስታታ ግን ከ15ኛው እትም ጀምሮ የወርድ ሰነድ ራሱ ይጽፋል።

የስታታ ትእዛዞች ተራ በተራ በሚጻፉበት «ዱ ፋይል» መጀመሪያ ላይ ሰነዱን የሚከፍተው «ፑትዶክስ ቢጊን» ይጻፋል። ከዚያ «ፎርኢች» የተባለው የድግግሞሽ ትእዛዝ (ዙር) በተለዋዋጮቹ ላይ እየዞረ ግራፉን ይስላል፤ በ«ግራፍ ኤክስፖርት» ፒኤንጂ የምስል ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል፤ በ«ፑትዶክስ ፓራግራፍ» አንቀጽ ከፍቶ በ«ፑትዶክስ ኢሜጅ» ያስገባዋል። አንቀጽ ሳይከፈት ምስል አይገባም። ሰነዱን የሚያስቀምጠው «ፑትዶክስ ሴቭ» ከዙሩ ውጭ፣ አንዴ ብቻ ይጻፋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሁለተኛው ሙከራ ላይ ነው። የቀድሞውን ፋይል ተካ የሚለው «ሪፕሌስ» ካልተጨመረ ፋይሉ አስቀድሞ አለ የሚለው ስህተት 602 ይመጣል። ሥራው መሐል ላይ ከተቋረጠም የቀድሞው ሰነድ ክፍት ስለሚቀር አዲሱ አይጀምርም፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክፍት የቀረውን ሰነድ የሚያጸዳው «ካፕቸር ፑትዶክስ ክሊር» ይግባ።

የደበዘዘ ሕትመት ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ላይሆን ይችላል። ኤፎር ወረቀት ግራና ቀኝ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲተውለት 16 ሴንቲ ሜትር ይቀራል፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1,890 ፒክስል ገደማ ነው። ኤክስፖርት ሲደረግ «ዊድዝ» (የምስሉ ስፋት) በዚሁ ልክ ይሰጥ። የአማርኛ መለያዎች ሳጥን ሆነው ከታዩ የግራፉን ፎንት ኒያላ ወደተባለው የግእዝ ፊደል ፎንት መቀየር ነው።

አር በተባለው ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚሠሩም በዙር ውስጥ የጂጂፕሎት (የአር የግራፍ መሣያ) ግራፍን በ«ፕሪንት» ካላዘዙት ግራፉን አያገኙም።

ከሐዋሳ