«ሪፈር ማድነስ» የመንግሥት ፊልም አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ «ሪፈር ማድነስ» ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። በአማርኛ እምብዛም የማይጻፍበትን የፊልም ዓይነት ማንሳታችሁ ደግ ነው። ነገር ግን ፊልሙን «የአሜሪካ መንግሥት ወጣቱን ከማሪዋና ለመጠበቅ ያሠራው ትምህርታዊ ፊልም» ብላችሁታል። ይህ ስሕተት ነው፤ ቀላል ስሕተትም አይደለም፣ የፊልሙ ብልጠት ሁሉ ያለው እዚያው ላይ ነውና። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፈናል።)

ፊልሙ በ1936 ሲሠራ ስሙ «ለልጆቻችሁ ንገሩ» ነበር። ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ሂርሊማን የግል ፊልም ሠሪ ነው። ዳይሬክተሩ ሉዊ ጋስኒየር ደግሞ በድምፅ አልባው ዘመን ስም ያወጣ ፈረንሳዊ ነበር። ኋላ ላይ ድዌይን ኤስፐር የሚባል ሰው ገዛውና እንደ ገና ቆራርጦና ቀጣጥሎ በየከተማው አዞረው። ፊልሙ «ዶፕ አዲክት»፣ «ዶፕድ ዩዝ»፣ «ዘ በርኒንግ ክዌስችን» በሚሉ ስሞችም ታይቷል። ስም መለወጡ የንግድ ዘዴ ነው፦ አምና ያየው ሰው ዘንድሮ አዲስ ፊልም መጣ ብሎ እንደ ገና ትኬት ይቆርጣል።

የመንግሥት የሚያስመስለው አንድ ትዕይንት አለ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ዶክተር ካሮል ወደ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ ባለሥልጣኑም ከፋይል እያወጣ የወንጀል ታሪክ ያነብለታል። ጠረጴዛውም ፋይሉም የስቱዲዮ ዕቃ ነው።

ለምን እንዲህ አስፈለገ? በ1930 የወጣውና ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት የሆሊውድ ደንብ የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ በፊልም እንዳይታይ ከልክሎ ነበር። የደንቡን ማኅተም ያላገኘ ፊልም የትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲኒማ ቤቶች በር ላይ አይደርስም። ስለዚህ ኤክስፕሎይቴሽን የሚባሉትን፣ የተከለከለ ነገር እያሳዩ ገንዘብ የሚሰበስቡትን ፊልሞች የሚሠሩት ሰዎች የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። ከኩባንያዎቹ ውጭ የሆነ ሲኒማ ቤት ለጥቂት ቀን ይከራያሉ፤ ፊልሙን በመኪናቸው ይዘው ይመጣሉ፤ መግቢያው ላይ መርፌና ማጨሻ ደርድረው «ለወላጆች ማስጠንቀቂያ» ብለው ይለጥፋሉ፤ የከተማው ሹማምንት ነገሩን አጣርተው እስኪነሡ ገንዘባቸውን ሰብስበው ሄደዋል። አንዳንዶቹ ሁለት ዓይነት ቅጂ ይይዙ ነበር፦ ሳንሱር ለሚበረታበት ከተማ ለዘብ ያለውን፣ ላላ ላለበት ቦታ ደግሞ ጋለ ያለውን።

ማስጠንቀቂያው እንግዲህ የይለፍ ወረቀት ነው። የተከለከለውን ለማሳየት አስቀድሞ ማውገዝ ያስፈልጋል። ፊልሙ ሲከፈት ረጅም ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ዶክተር ካሮል ለተሰበሰቡ ወላጆች ንግግር ያደርጋል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ተመልካቹ ትኬት የቆረጠበትን ነገር ያገኛል፦ ዱርዬ የሚሰበሰብበት አፓርታማ፣ ጭፈራ፣ ገጭቶ የሚያመልጥ መኪና፣ በግብግብ መካከል የሚባርቅ ሽጉጥ፣ ከመስኮት ራሷን የምትወረውር ሴት። መዝጊያው ላይ ዶክተሩ ተመልሶ ይመጣና ቀጣዩ መከራ የልጅህ ሊሆን ይችላል፣ የአንተም፣ የአንቺም እያለ በመጨረሻ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ካሜራው ይቀስራል። ሰባ ደቂቃ ያህል ሲያይ የቆየው ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ ይገሠጻል።

ፊልሙ የ1937ቱን የማሪዋና ቀረጥ ሕግ አስወጣ ማለታችሁም መታረም አለበት። የፌዴራል ናርኮቲክስ ቢሮ ኃላፊው ሃሪ አንስሊንገር ፊልሙ ሳይሠራ ጀምሮ በጋዜጣና በምክር ቤት የራሱን ዘመቻ ሲያካሂድ ነበር። ፊልሙ የተጠቀመው በዚያ የተዘራውን ፍርሃት ነው።

ዛሬ የሚታወቀው ደግሞ በአጋጣሚ ነው። በ1972 ማሪዋና ሕጋዊ እንዲሆን የሚታገለው የኖርምል ድርጅት መሥራች ኪት ስትሩፕ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አግኝቶት ቅጂውን በ297 ዶላር ገዛና በየኮሌጁ አሳየው። ለማስፈራራት የተሠራው ፊልም ለሳቅ ዋለ። (ማሪዋና ጉዳት የለውም እያልን አይደለም። የታዳጊን ትኩረትና የማስታወስ ችሎታ መጉዳቱ አንድ ነገር ነው፤ አንዴ የሳበ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ማለት ሌላ ነው።)

ፊልሙን በክበብ ለማሳየት ለምታስቡ አንባቢዎች ጥቂት ነገር እንጨምር። አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ስለሌለው ያገኘው ሁሉ ያባዛዋል፤ ስለዚህ ጥሩም መጥፎም ቅጂ አለ። ሙሉው ከ66 እስከ 68 ደቂቃ ይሆናል። የመክፈቻው ጽሑፍ የሌለበት ቅጂ ካጋጠማችሁ ተዉት። ሥዕሉ 4 በ3 ነው፤ ፕሮጀክተሩ ወደ ጎን ከለጠጠው ፊት ሁሉ ይጠፈጠፋል፣ ለመሙላት ካጎላው ደግሞ ግንባርና አገጭ ይቆረጣል፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር። ንግግሩ መሐል ላይ ቢዘል የመሣሪያው ጥፋት አይደለም። በሰከንድ 24 ሥዕል ነው የሚያልፈው፤ ሲበጠስና ሲቀጠል ከኖረ ፊልም አሥራ ሁለቱ ቢጎድሉ አንድ ቃል ሄደ ማለት ነው። ድምፁ ሲንሿሿ ቮልዩም ከመጨመር ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) መቀነስ ይሻላል። በ2004 የወጣ ባለ ቀለም ቅጂም አለ፤ ጭሱን አረንጓዴና ሐምራዊ ያደረጉት ሆነ ብለው ለቀልድ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው አይሆንም። የመድፈር ሙከራና ራስን ማጥፋት ስላለበት ተማሪዎችን ሳያዘጋጁ ማስቀመጥ አይገባም።

ትርጉሙ ላይ አንድ ነገር አለ። የመክፈቻው ጽሑፍ ማሪዋናን «ቁጥር አንድ የሕዝብ ጠላት» ይለዋል። ለአሜሪካዊው ይህ የነዲሊንጀርን፣ የባንክ ዘራፊዎችን ዘመን ያስታውሰዋል። በአማርኛ ቃል በቃል ሲነበብ ግን በዕድሜ የገፋው ተመልካች የደርግን ሬዲዮ ይሰማል። «ዋናው ወንበዴ» ቢባል ይቀርባል።

በመጨረሻ፣ ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶ ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆነው ራልፍ «ፍጠኚ፣ ፍጠኚ!» እያለ የሚጮኽባት፣ ፒያኖ የምትጫወተው ሴት ሜሪ አይደለችም፤ ብላንሽ ናት። ሜሪ እዚያ ቤት የገባችው ወንድሟን ፍለጋ ነው፤ በእግሯም አልወጣችም።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢዎቻችሁ