ለሰፈራችን ሰው፣ ለእድራችን እና ለአባዬ ጓዶች፦ እግዚአብሔር ያክብርልን

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ማንን ጠርቼ ማንን እንደምተው ጨንቆኝ ነው። አባዬ ደግሞ ጠዋት ማታ «ጻፍሽ ወይ? ሰው እንደዛ ሆኖልን ዝም ይባላል ወይ?» ይለኛል። ስም አትጥሪ ብሎኛል፣ አንዱ ከተረሳ ቅር ይለዋል ብሎ፣ ስለዚህ ስም አልጠራም። እናንተ ግን ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

ነገሩን ላልሰማችሁ፣ ነሐሴ 12 የቡሄ ዋዜማ ማታ ነው፣ ኮልፌ እኛ ሰፈር ዝናቡ ከአስር ሰዓት ጀምሮ አላባራም ነበርና ከበላያችን ያለው ቦይ ሞልቶ ገነፈለ። ቦዩ ከተደፈነ ቆይቷል፣ ስንት ጊዜ አመልክተናል፣ ዛሬ የምስጋና ቀን ስለሆነ እሱን አላነሳም። ውሃው በጓሮ ገብቶ ቀጥ ብሎ የሄደው አባዬ ሥዕሎቹን ወደሚያስቀምጥባት ሰርቪስ ክፍል ነው። 43 ሥዕል ነበር። አብዛኛው አቡጀዲ ላይ የተሳለ ነው፣ የተወጠረ አለ፣ ተጠቅልሎ የቆመ አለ፣ መሬት ላይ የተደረደረ አለ። በሩን ስከፍት ውሃው ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ደርሶ ነበር፣ አባዬ ውስጥ ቆሞ አንድ ሥዕል ደረቱ ላይ አቅፎ ዝም ብሎ ያያል። 67 ዓመቱ ነው፣ እንደዛ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

እኔ ጮህኩ። በዛ ሰዓት በራችን ላይ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ ልጆች ነበሩ፣ ትልቁ 13 ዓመት ቢሆነው ነው። ዱላቸውን ጥለው ገቡ። ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቁም፣ ሥዕሉን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ታቦት እንደሚሸከም ሰው ቀስ እያሉ በጭቃው ላይ እየተራመዱ ማውጣት ጀመሩ። ልጆች፣ የኔ ጌቶች፣ እደጉልኝ፣ የወላጆቻችሁን ዓይን እግዚአብሔር በእናንተ ደስ ያሰኘው። ሙልሙሉን የዛን ቀን አላገኛችሁም፣ በማግስቱ ስጋግር አባዬ ቆሞ ነው የቆጠረው፣ አንድ እንዳይጎድል።

ከዛ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ምን እንዳሰበ አላውቅም ጡሩምባውን ነፋ። በዛ ዝናብ፣ በዛ ጨለማ ሰው ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ መጣ። «ማንም አልሞተም፣ የጋሼ ሥዕል በውሃ ሊያልቅ ነው» ሲባል አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ይሄንን እስክሞት አልረሳውም። የእድሩ ዳኛ ወዲያው ንብረት ያዡን ቀስቅሰው ድንኳኑን አስወጡ፣ ሜዳው ላይ በ40 ደቂቃ ውስጥ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሮቹም ገቡ። የእድር ድንኳን ለሥዕል ሲተከል ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የምትማረው ልጅ ደግሞ፣ ያቺ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለሽው እህቴ፣ አንቺ ባትደርሺ እኛ ራሳችን ነበርን የምናጠፋው። ከሰል አቀጣጥለን ልናደርቅ ነበር እኮ! እየሮጥሽ መጥተሽ «እሳት አይነካውም! አቡጀዲው ይኮማተራል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል» ብለሽ ማንደጃውን አስወጣሽ። አትሹት፣ ደረቅ ጨርቅ አስነክታችሁ ውሃውን ብቻ አስመጥጡት፣ አጋድሙት፣ ከሥሩ ንጹህ ነገር አንጥፉ፣ ነፋስ ይግባ አልሽን። ንጹህ ነገር ሲባል እናቶች ወደየቤታቸው ሄደው አንሶላ ይዘው መጡ። የአልጋ አንሶላ፣ አዲስ፣ ከፕላስቲኩ ያልወጣ ሁሉ ነበረበት፣ አንዷ እናት የልጇ ሰርግ ላይ የተሰጣትን ነው ያመጣችው። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንሶላ ስንቀይር አደርን። ፍልሰታ ስለነበር ሽሮውም ሻዩም ከየቤቱ ሲመጣ ነበር፣ ማን እንዳመጣው እንኳን አላየሁም።

ከ43ቱ 37ቱ ተረፉ።

አሁን ስለ አባዬ ትንሽ ልጻፍ፣ ድንኳን ውስጥ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኝ በወጉ ሳልመልስላችሁ ቀርቻለሁ። አባዬ የቢቸና ልጅ ነው። አጎቱ የቤተክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ፣ በልጅነቱ ቀለም ሲበጠብጥላቸው ነው ያደገው። ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ 19 ዓመቱ ነበር፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ሰልጥኖ ምሥራቅ ሲደርስ ጅጅጋ ተይዛ ነበር፣ የሶማሊያ ጦር ሐረር አፍ ላይ ነበር። ሞርታር ተሸካሚ ነበር። እነዛን ወራት ሐረር ዙሪያ ምሽግ ውስጥ ኮቾሮ እየቆረጠመ ከርሞ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ሲለቀቅ እዛው ነበር። ጓደኞቹ ግን ብዙዎቹ አልነበሩም።

ከዛ በኋላም ጦሩ ውስጥ ቆየ፣ ሰሜንም ዘምቷል። የሰሜኑን አንድም ቀን አልሳለውም፣ ወንድም ከወንድሙ የተጋደለበትን እጄ እሺ አይለኝም ይላል፣ እኛም አንጠይቀውም። 1983 ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ሌላው ሁሉ ባዶ እጁን መጣ። ቀን ታፔላ ይጽፋል፣ ሌሊት ጥበቃ ያድራል። ውጊያ መሳል የጀመረው 1985 ነው፣ ከታፔላ በተረፈ ቀለም፣ ጥበቃ ቤት ውስጥ በኩራዝ። እናቴ ነፍሷን ይማረው፣ የመጀመሪያውን አቡጀዲ የገዛችለት እሷ ናት።

የአድዋን ሥዕል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረሱ፣ እቴጌ ጣይቱ ሽጉጣቸውን ይዘው፣ አፄ ምኒልክ ጥላ ተይዞላቸው። በዛ አሳሳል የኛ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ጠላት ግን በጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይን ብቻ። የአባዬ አጎት ያስተማሩትም ይሄንኑ ነው፣ ክፉ ሰው በሁለት ዓይን አይሳልም። አባዬ ካራማራን ሲስል ግን ሁሉንም በሁለት ዓይን ነው የሳለው። የኛንም፣ የእነሱንም።

ድንኳኑ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ሰዉ ሥዕሉ ሲደርቅ ለማየት መመላለስ በጀመረ ጊዜ፣ አንዲት እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው አንዱ ሥዕል ፊት ረጅም ሰዓት ቆሙ። «ኮዳው» የምንለው ሥዕል ነው፣ ሁለት ወታደር አለት ተደግፈው ተቀምጠው፣ አንዱ የኛ አንዱ የሶማሊያ፣ የሶማሊያው ሆዱን ይዟል፣ የኛው ኮዳ ወደ አፉ ያስጠጋለታል። እማማ «ልጄ፣ ይሄኛው ጠላት አይደለም እንዴ፣ ምነው ፊቱን አዞርከው?» አሉት። አባዬም «እማማ፣ ወደኔ ዞሮ ስላየኝ ነው። ውሃ ስሰጠው በሁለቱም ዓይኑ ነው ያየኝ» አላቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ልጃቸው እዛው ጦርነት ላይ ቀርቶባቸዋል፣ እኛ በዚህ ሁሉ ዓመት ጉርብትና አናውቅም ነበር። እማማ፣ በየቀኑ ስለመጡልን፣ የአባዬንም ጉልበት ስመው ስለመረቁት እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን።

እንደዛ እንደዛ እያለ ነው ኤግዚቢሽን የሆነው። ማንም አላሰበውም፣ ጋዜጠኛ አልተጠራም፣ ሪባን አልተቆረጠም። አምስት ቀን ሙሉ ሰው ከሥራ ሲመለስ ጫማውን በር ላይ አውልቆ እየገባ በአንሶላዎቹ መሀል እየዞረ ያያል። አባዬ በ30 ዓመት ውስጥ ሥዕሉን ለሰው አሳይቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። አንድ ሁለት ቦታ ወስዶ ነበር፣ ፕሮፌሽናል አይደለም ተብሎ ተመለሰ፣ ከዛ በኋላ ይዞ መሄድ ተወ። ጫማችሁን ያወለቃችሁት ነገር ለሱ ምን ማለት እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም፣ ማታ ማታ ያንኑ ሲደጋግመው ነበር፣ «ጫማቸውን አውልቀው እኮ ነው የገቡት» እያለ።

ፈረንሳይ የምትኖረው የሰፈራችን ልጅ፣ አንቺም ድርሻሽን ውሰጂ። ፎቶዎቹን ቴሌግራም ላይ አይተሽ ቅዳሜሽን ሰውተሽ ቬርሳይ ድረስ ሄደሽ በቪዲዮ ኮል ለአባዬ የዛን ጄኔራል ሥዕሎች አሳየሽው። ሉዊ ፍራንሷ ለዠን ይባላል፣ የናፖሊዮን መኮንን የነበረ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1775 ስትራስቡርግ የተወለደ፣ የተዋጋበትን ውጊያ ራሱ የሚስል። አባዬ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን አልነቀለም። ፈረንሳይና ሩሲያ የተዋጉበት የቦሮዲኖ ውጊያ የሆነው በእነሱው አቆጣጠር በ1812 ነው፣ ሰውዬው ሥዕሉን የሳለው ደግሞ በ1822 ነው ስትዪው «አስር ዓመት! እኔን 15 ዓመት ነው የፈጀብኝ» አለ፣ ወንድሙን ያገኘ ነው የመሰለው። ግን በጣም የነካው ሌላ ሥዕል ነው፣ ጄኔራሉ ስፔን ውስጥ በሽምቅ ተዋጊዎች እጅ ሲወድቅ ራሱን የሳለበት። «ራሱን ሳለ? እንደዛ ተዋርዶ እያለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ መልሰሽ እንድታሳይው አደረገሽ። ከጦሩ በኋላ ቱሉዝ የሥዕል ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ቆይቶም የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ ነበር አልሽው፣ አባዬ ግን እሱን ብዙም አላዳመጠሽም፣ ሐሳቡ ያችው ሥዕል ላይ ነበር። ምክንያቱን አሁን ነው የገባኝ። አባዬ በ43ቱ ሥዕል ውስጥ ራሱን አንድም ቦታ አልሳለም። ኮዳው ላይ ያለው ወታደር እንኳን ፊቱ የሱ አይደለም፣ የሞተ ጓደኛውን ፊት ነው የሰጠው። ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ አቡጀዲ ወጥሮ ጀምሯል፣ ዳገት ላይ የሞርታር ሰሌዳ ተሸክሞ በጉልበቱ የሚድህ ልጅ። ጆሮው የአባዬ ነው።

የአባዬ ጓዶች፣ በየዓመቱ የካቲት 26 ትግላችን ሐውልት ጋ የምትገናኙት አባቶቻችን፣ ወሬውን ሰምታችሁ ከአዳማ፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ በዛ ዕድሜያችሁ በሚኒባስ ተሳፍራችሁ መጣችሁ። አንደኛው አባት ትልቁ የካራማራ ሥዕል ፊት ቆመው ከ60 ሰው መሀል አንዱን በጣታቸው ነኩ፣ «ይሄ እሱ አይደለም? ኮዳውን በግራ ነበር የሚያንጠለጥለው» አሉ። አባዬ መልስ መስጠት አቃተው። ያ ልጅ አብሮት ሞርታር የተሸከመ፣ አጠገቡ የወደቀ ነው፣ አባዬ የሚያውቀው በቅጽል ስሙ ብቻ ነበር፣ 47 ዓመት ሙሉ የአባቱን ስም አያውቀውም። ለነፍሱ በየዓመቱ ሻማ የሚያበራው በቅጽል ስሙ ነው። እኚህ አባት ሙሉ ስሙን ነገሩት፣ አገሩንም ጭምር። አባዬ ሥዕሉን አስገልብጦ ከኋላው በእርሳስ ጻፈው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው። ስሙን እዚህ አላወጣውም፣ መጀመሪያ ቤተሰቡን እናገኛለን፣ እሳቸውም እየፈለጉልን ነው። አባቴ፣ ጉልበትዎን ስሜያለሁ፣ አሁንም እስማለሁ።

በዛ ሳምንት እነዛ አባቶች 11 ሰው ለይተው ስም ሰጥተዋል። አስራ አንዱም ከየሥዕሉ ጀርባ ተጽፏል።

ያልተረፉትን ስድስቱን አባዬ አልጣላቸውም፣ ቀለሙ ሁሉ ፈሶ አንድ ሆኗል ግን አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ከሥነ ጥበቡ ልጅ ጋር የቀሩትን በየተራ እያጸዱ ነው፣ ማታ ማታ ሁለቱ ሲከራከሩ እሰማለሁ፣ እሷ ቀለሙን አትድገመው ትለዋለች፣ እሱ ደግሞ ልጁ ብርድ ላይ ነው የቆመው፣ ካፖርቱን ልጨርስለት ይላታል። የወረዳው ወጣቶች ክፍሉን ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ መደርደሪያ ስለሠራችሁ፣ አናጢው ወንድማችን የእጅ ዋጋ አልቀበልም ስላልከን፣ ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ውለታችሁን በልጆቻችሁ ይክፈላችሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። አንሶላዎቹ ሁሉም ታጥበው ተተኩሰው ለየባለቤቱ ተመልሰዋል፣ ሦስቱ ግን ባለቤት አጥተዋል። አንዱ ሰማያዊ ሆኖ ጠርዙ ላይ ነጭ አበባ ያለበት ነው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ደግሞ ነጭ ሆኖ ማዕዘኑ ላይ በቀይ ክር ሁለት ፊደል የተጠለፈበት። ነጩ ላይ ያለው የቀይ አፈር ቀለም ከካራማራ ሥዕል የፈሰሰ ነው፣ ሦስት ጊዜ በበረኪና አጥቤው አልለቀቀም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አዲስ ልገዛልሽ ዝግጁ ነኝ። አባዬ ግን ባለቤቷ ትምጣና ራሷ ትወስን፣ ከፈለገች እኔ እገዛዋለሁ ብሏል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ነን፣ ቡናው ይፈላል፣ ኑ።